ልብስ የሰጣንበት ሽቦ

መጀመሪያ የነዘረው እኔን ነው።

ከሕንፃችን ጀርባ ልብስ የምናጥብበት ሲሚንቶ አለ። ከሲሚንቶው ጎን የፍሳሹ ጉድጓድ፣ በላዩም የብረት ክዳን። አንድ ጧት ሻሼን አለቅልቄ፣ በረጠበ እጄ ክዳኑን ተመርኩዤ ልነሳ ስል ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ውርር አለኝ። እርጅና መሰለኝ። በእኔ ዕድሜ የማይደነዝዝ የት አለ? ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። እንዲያውም በየጧቱ ነካ እያደረግኩ፣ ዛሬስ ብሶብኝ ይሆን እያልኩ ራሴን እመረምር ነበር። አላህ ሲጠብቅ እንዲህ ነው። ኋላ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ባልዲዋን ጥላ ስትጮህ ነገሩ የእኔ ክንድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ልጄ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። ብዙ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽን ሞተር ስትጠግን ኖራ አሁን በራሷ ትሠራለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ የማውቀው እሷን ለማድረስ ስሄድ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረኝም የእሷ ደብተር ነው። ስታጠና አጠገቧ ኩርምት ብዬ መጀመሪያ የለየኋቸው ቃላት «ማብሪያ» እና «ማጥፊያ» ነበሩ።

ጠራኋት፣ መጣች። ወፍራም የጎማ ጫማዋን አድርጋ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተሯን ክዳኑ ላይ ስታስነካው በራ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ይህን ክዳን ስንቴ ነክተሽዋል?»

«በየቀኑ ነዋ።»

ክንዴን ይዛ ከክዳኑ አራቀችኝ። 

ኋላ በሚገባኝ መንገድ አስረዳችኝ። ሕንፃችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ፍሳሹ በራሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ፓምፕ ነው ወደ መንገዱ ቱቦ የሚገፋው። የፓምፑ ገመድ አርጅቶ ልባሱ ተልጧል። ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ ብረቱ ያመልጣል። ያመለጠውን ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተቀበረም። «መውጫ ሲያጣ በሰው በኩል ይወጣል» አለችኝ። ፓምፑም፣ ገመዱም፣ ከደረጃው ሥር ያለው ማዘዣ ሳጥንም ይቀየር አለች።

የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሥራው ለልጄ ይሰጥ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። እዚህ ሰው ሁሉ በትግርኛ «ኣደይ»፣ እናቴ፣ ነው የሚለኝ።

«ኣደይ፣ የገዛ ልጄን ጉድጓድ ውስጥ አስገባልኝ ትይኛለሽ?»

«እና የማን ልጅ ትግባ? የእርስዎ?»

ሳቁ፣ ፈረሙ። እንግዲህ እዚያ ጉድጓድ ያስገባኋት እኔው ነኝ ማለት ነው።

ከሥራው በፊት ወረቀት ይዛ ሁላችንንም በየተራ ጠየቀች። «ወደዚህ ጉድጓድ፣ ከሳጥኑ ሌላ፣ ከየትም የሚመጣ መስመር አለ?» መምህር የለም አሉ። ምድር ቤት ጁስ ቤት ያላት ሴት «እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቃለሁ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ» አለቻት። እኔንም ጠየቀችኝ። የሕንፃው አንጋፋ፣ በየጓሮው የምዞር፣ የማን ድመት የት እንደወለደች የማውቅ ሴት፣ «ከየት ይመጣል ልጄ» አልኳት።

አልዋሸሁም። የዚያን ቀን የማውቀው እንደዚያ ነበር።

ሥራው ቅዳሜ ጧት ሆነ። ቦቴ መጥቶ ጉድጓዱን መጥጦታል፤ ክዳኑ ተከፍቶ አድሮ ንፋስ ገብቶበታል። በየበሩ አንኳኩታ ማንም ውሃ እንዳይለቅ ነግራለች። መጥፎ አየር ካለ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ፣ በደረቷ ገመድ ታጥቃ ተዘጋጀች። የገመዱን ጫፍ የሚይዘው አብሯት የሚሠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጎልማሳ፣ አፉ የማያርፍ። መብራቱ ገና በማለዳ ሄዷል፤ እንደልማዱ።

ደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍታ ብሬከሩን ወደ ታች አወረደችና ቀይ ጓጉንቸር ቆለፈችበት።

«አንቺ፣ መብራት እኮ የለም» አላት የቧንቧው ሰው። «ምኑን ነው የምትቆልፊው?»

«የሚገድለው የሌለው ነው። ያለውንማ ሰው ይፈራዋል።»

ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። የነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

«ማንም ቢመጣ፣ መምህርም ቢሆኑ፣ እኔ በእግሬ ካልመጣሁ አትስጪ። እና እማ…»

«እ?»

«ዛሬ አትዙሪ።»

በከንቱ አላለችም። የእኔ እግር አያርፍም። ወሎ ልጅ ሳለሁ በርበሬና ቅመም ይዤ ከገበያ ገበያ ስዞር ነው ያደግኩት። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨርቅ ሊነግድ መቐለ ሲያመጣኝም ከተማውን የለመድኩት በእግሬ ነው። ዛሬም ሱብሒ ሰግጄ እስከ ሓወልቲ ወጥቼ እመለሳለሁ። አንዳንዴ እግሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዓይናለም ይወስደኝና የቤት ሰው፣ ለፖሊስ ልንናገር ነበር ይለኛል። የዚያን ቀን ግን አጭሯን መቀመጫ፣ ዱካዬን፣ አምጥቼ ሳጥኑ ሥር ቁጭ አልኩ።

ከተቀመጥኩበት ጉድጓዱ አይታይም፤ የሕንፃው ማዕዘን ይከልለዋል። የሚታየኝ ከልብስ ማስጫው ግማሹ ብቻ ነው። ድምፅ ግን ይሰማኛል።

«አለሽ?» ይላል የገመዱ ሰው።

«አለሁ» ትላለች ልጄ ከታች። ድምጿ እንስራ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ተስማምተው ነው። በየጥቂቱ ይጠይቃል፣ ትመልሳለች። ካልመለሰች ይጎትታታል። «አለሁ» ባለች ቁጥር ከመቁጠሪያዬ አንድ ፍሬ አሳልፋለሁ። ያንን ክር ባሌ ሲታመም እንኳ እንደዚያ አልጨበጥኩትም።

አሮጌውን ፓምፕ በሰንሰለት ስበው አወጡት። ልጄ ከታች ስትጮህ ሰማሁ፦ «አሁን የአሮጌውን ገመድ ጫፍ ልጬ አዲሱን አስርበታለሁ። እኔ እስክልህ እንዳትስብ!» በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ እግሯ እርጥብ ላይ፣ በእጇ የተላጠ መዳብ።

መምህር ከዘራቸውን እየመቱ መጡ።

«ኣደይ፣ እግርሽ አላሳከከሽም? ቁልፉን ስጪኝና ዙሪ።»

«ልጄ በእግሯ ካልመጣች ለመልአክም አልሰጥ።»

«እኔ መልአክ ነኝ አልኩሽ?»

«እሱንማ ሚስትዎ ነግራናለች።»

እየሳቁ ሄዱ። እኔም ሳቅኩ። ቋጠሮዬን ዳሰስኩት፤ አለ። ቁልፉ እኔ ጋ እስካለ ልጄን የሚነካት የለም ብዬ ልቤ ሞላ።

ያን ጊዜ ከጀርባዬ ካለው ግድግዳ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ከላይ አንዱ ረስቶ ለቅቆታል።

«ማነው የለቀቀው!» ብሎ አምባረቀ የገመዱ ሰው። «ሰው አለ እኮ!»

ጁስ ቤቷ ሴት ሽርጧን እንደታጠቀች ብቅ አለች። ደግ ሴት ናት፤ በረመዳን ማንጎ ጨምቃ በነፃ የምትልክልኝ፣ እሷ ራሷ የማርያምን ጾም የማታጎድል።

«ኣደይ፣ ውሃ ገባባት? ወይኔ ልጄን! ቆይ ጀነሬተሩን ላስነሳላት፣ ፓምፑ ይምጠጥላት።»

«ጎሽ፣ አላህ ይስጥሽ» አልኳት።

መረቅኳት። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይቆማል። እሷ ፓምፑ መውጣቱን አላየችም። እኔ ደግሞ ጀነሬተር ሲባል የታየኝ የእሷ ፍሪጅ ነው፣ መብራት ነው፣ እንጃ ምን እንደታየኝ። ወደ ጓሮዋ ሮጠች።

«አለሽ?»

«አለሁ! ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፣ ምንም አይል!»

ማስጫው ላይ የጎረቤቴ ነጭ አንሶላ፣ ሁለት የሕፃን ሱሪ፣ የእኔ ጥቁር ሻሽ ተሰጥተዋል። ንፋስ አልነበረም፤ አቧራው እንኳ ከመሬት አልተነሳም። አንሶላው ተወዛወዘ። ከዚያ ሱሪዎቹ። ከዚያ ሻሼ። ከወዲያኛው ጫፍ ሰው የጎተተው ይመስል ነበር። የማስጫው ወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ጁስ ቤቱ ጓሮ ነው።

 እኛ ልብስ የምንሰጣበት እኮ ገመድ አይደለም። ሽቦ ነው።

በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መብራት ለወራት ሲጠፋ፣ ፍሳሹ ሞልቶ ምድር ቤቱን ሊያጥለቀልቅ ደረሰ። ከየቤቱ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ አዋጣን። ዛሬ ከዚህ የሄደ አንድ ጎረቤታችን ሰማያዊ ሽቦ ከጁስ ቤቱ ጀነሬተር አንስቶ በአየር ላይ ዘርግቶ፣ በጉድጓዱ ዳር ካለው ብረት ምሰሶ ውስጥ አውርዶ፣ ከመሬት በታች ከፓምፑ ገመድ ጋር ቀጠለልን። መብራት ሲመለስ አንዱ «እንንቀለው?» አለ፤ ሌላው «ይቆይ፣ ማን ያውቃል» አለ። ለምን እንደሚቆይ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ያንን ጊዜ ስሙን አንጠራም፤ ከጠራነው የሚመለስ ይመስለናል። የጫፉን መሰኪያ፣ እስፒናውን፣ በፌስታል ጠቅልለን ጁስ ቤቱ ጓሮ ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ከዚያ አንዷ ፎጣ ጣል አደረገችበት፣ ሌላዋ ጋቢ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሽቦው ማስጫ ሆነ። ልጄ ስትጠይቀኝ አንሶላ ነው የታየኝ።

ቀዩ ጓጉንቸር የቆለፈው ከሳጥኑ የሚመጣውን ነው። ይህኛው በወዲያ በኩል ዞሮ ልጄ እጅ ላይ ይደርሳል።

ከዱካዬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ማዕዘኑን ስዞር በግራዬ ጉድጓዱ፣ በቀኜ የጁስ ቤቱ ጓሮ። የጀነሬተሩ ማስነሻ ገመድ ሲሳብ ሰማሁ፤ ጥርርር ብሎ ዝም አለ።

«አውጣት!» አልኩ።

«ምን?» አለ የገመዱ ሰው።

«አውጣት! ሽቦው!»

«ኣደይ ተረጋጊ፣ ውሃው ትንሽ ነው!»

እስኪገባው ብጠብቅ፣ ጎትቶ እስኪያወጣት… ወደ ቀኝ ሮጥኩ። መሮጥ ከተባለ። ሲሚንቶው ርሷል፤ አንሸራቶ በጉልበቴ ጣለኝ፣ አንድ እግር ጫማዬ ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ ስትስበው ተሰማ። ሞተሩ ሦስት አራቴ ተንተፋተፈና ጠፋ። ያቺ ትንፋሽ ሰው ለመግደል ትበቃ እንደሆን አላውቅም። እየዳህኩ ይሁን እየሮጥኩ ደረስኩ። ሴትዮዋ እግሯን አንፈራጣ ለሦስተኛው ጎንበስ ብላለች። እስፒናው ተሰክቷል። በሁለት እጄ ይዤ ነቀልኩት፣ ወደ ኋላዬም ወደቅኩ፤ እዚያው ላይ ሞተሩ ተነሳ።

ጓሮው በድምፅ ተሞላ። ሴትዮዋ አፏን ትከፍታለች፣ አይሰማኝም። እኔም «አጥፊው! አጥፊው!» እላለሁ፣ አይሰማትም። የገመዱ ሰው «አለሽ?» ይበል አይበል፣ ልጄ ትመልስ አትመልስ፣ ምንም አይሰማም። እስፒናውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ፤ እባብ የያዝኩ ነው የመሰለኝ።

በመጨረሻ አጠፋችው።

«ኣደይ፣ እንታይ ኮይንኪ? ምን ሆነሻል?»

እጄን አነሳሁባት፤ ዝም በይ ለማለት ነው። 

«አለሽ?» አለ የገመዱ ሰው።

መልስ የለም።

«አለሽ ወይ?!»

ልጄ የታጠቀችው ገመድ ተወጥሮ ምሰሶው ላይ ሲጮህ ተሰማኝ። ያ ረቢ፣ እኔን፣ እኔን አልኩ።

«አለሁ» አለች። ከዚያ፣ በሌላ ድምፅ፣ «ማነው ያበራው?»

በመሰላሉ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። አልጮኸችም። ቴስተሯን የተላጠው ጫፍ ላይ እንደሰካችው ትታው ነበር፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ታደርጋለች። ጀነሬተሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲሳብ ድንገት ብልጭ ሲልባት መዳቡን ጥላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። መልስ ያጣነው ለዚያ ነው፤ ትንፋሿን ይዛ የቴስተሯን መብራት እያየች ነበር። እስፒናውን ባልነቅለው በሦስተኛው ላይ፣ ያ ገመድ ውሃው ውስጥ ወድቆ፣ እሷም ውሃው ውስጥ ቆማ…

ጁስ ቤቷ ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። «ላግዝሽ ብዬ ነው! በልጄ ይዤሻለሁ፣ ላግዝሽ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ። አብሽሪ» አለቻት ልጄ፤ ጓንቲዋን አውልቃ ትከሻዋን ያዘቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጉልበቴ ደምቷል፣ አንድ እግሬ ባዶ ነው።

«እማ፣ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«በየቀኑ ልብስ የምትሰጪበትን?»

 እስፒናውን ከነጠላዬ ገልጬ እጇ ላይ አደረግኩላት።

ያን ጊዜ መብራት መጣ። ከላይ ልጆቹ «መጺኡ! መጣ!» እያሉ በየበረንዳው ጮኹ፤ የአንዱ ቤት ሬዲዮ ከመሀል ጀምሮ ማውራት ቀጠለ። ልጄ ማዕዘኑን ዞራ ሳጥኑን አይታ ተመለሰች። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው።

«እሱ ሥራውን ሠርቷል» አለች። «አሁን እናንተ። ያን ጊዜ ምን ምን ቀጠላችሁ? አንድ በአንድ።»

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት መምህር በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ያን ጊዜን አታስነሺን ልጄ። ደግ አይደለም።»

«መምህር፣ ሳናነሳው እኮ ነው ዛሬ ራሱ የመጣው» አልኳቸው። እንዲያ መናገሬ ለእኔም ገረመኝ።

ጫማዬን አምጥተውልኝ ተነሳሁ። አትዙሪ ያለችኝ ልጄ «ነይ አዙሪኝ» አለችኝ። ከፊት እኔ፣ ከኋላ እሷ ቀይ የሽቦ ማጣበቂያ፣ ናስትሮ፣ ይዛ። ደረጃው ላይ ለአምፖል ከመኪና ባትሪ የተሳበውን አሳየኋት። ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ዘበኛው ቤት በምንጣፍ ሥር ያለፈውን አሳየኋት። ስለ እያንዳንዱ ስናገር ያን ጊዜም አብሮ ወጣ፤ ማን ለማን ሻማ እንዳካፈለ፣ ማን በዚያ ደረጃ በጨለማ እንደወለደች። ጎረቤቶች ከኋላችን ተከተሉ፤ እኔ የረሳሁትን እነሱ ያስታውሳሉ፣ «ኧረ በዚህም ነበር» ይላሉ። ልጄ ናስትሮዋን ትለጥፋለች፣ ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ አንድ ቃል ብቻ።

«ሌላስ?»

በመጨረሻ ሁሉም ልብሱን ከማስጫው አነሳ። ልጄ በፒንሳ ሰማያዊውን ሽቦ ከሁለቱም በኩል ቆረጠችው። ጁስ ቤቷ ሴት ፈራ ተባ እያለች «ክፉ ቀን ከመጣስ?» አለቻት። ስሙን ልትጠራው ትንሽ ነው የቀራት።

«ከመጣ በሥርዓት ይመጣል» አለቻት። ጀነሬተሩም መስመር ይኖረዋል፤ በሳጥኑ ውስጥ፣ አንድ እጀታ ባለው ማዞሪያ። ወደዚህ ከዞረ የመንግሥት መብራት፣ ወደዚያ ከዞረ ጀነሬተር፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም፣ መሀል ላይ ሲቆም ሁለቱም የሉም። ጉድጓዱ ውስጥ ሦስት ተንሳፋፊ ኳሶች ይንጠለጠላሉ፤ የታችኛው ፓምፑን ያቆማል፣ የመሀለኛው ያስነሳል፣ ውሃው የላይኛው ጋ ከደረሰ ደወል ይጮኻል። ከእንግዲህ ማንም በደግነት የሚያስነሳው ነገር አይኖርም።

ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። አሮጌው ገመድ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እንደገና መግባት አለባት።

ቋጠሮዬን ፈትቼ ቁልፉን ዘረጋሁላት። «ለመምህር ስጪው» አልኳት። «ወይ ለሌላ ሰው። እኔ ከቦታዬ ተነስቻለሁ።»

ቁልፉን አልተቀበለችኝም። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ራሷ መልሳ ቋጠረችው፤ አንዴ፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ቋጠሮ። ከኪሷ ሁለት ቁራጭ ካርቶንና ወፍራም እስክሪብቶ አወጣች።

«ጻፊ» አለችኝ። «አንቺ ጻፊው፣ ትልቅ አድርገሽ።»

ከእሷ ደብተር በቃረምኩት ፊደል ሁለቱም ላይ ጻፍኩ፦ ሰው ጉድጓድ ውስጥ አለ። «ጉ» ትንሽ ተጣመመች። አንዱን ሳጥኑ ላይ፣ ሌላውን ጀነሬተሩ ላይ ሰቀለችው። ጁስ ቤቷ ሴት ከጀነሬተሯ ፊት ወንበር አውጥታ ቁጭ አለች፤ ማንም አላዘዛትም። መምህር ፎቅ ለፎቅ እየወጡ የየቤቱን የውሃ ቧንቧ ሊያዘጉ ሄዱ፤ በዚያ ጉልበታቸው።

ልጄ መሰላሉን ያዘች። ከማዕዘኑ ጀርባ ስትሰወር ዱካዬን ትንሽ ገፋ አደረግኩት፤ አሁን ከሳጥኑም ሳልርቅ ያቺ ሽቦዋ የተቆረጠባት ባዶ ምሰሶ ሙሉዋን ትታየኛለች። ምንም አልተሰጣባትም።

«አለሽ?» አለ የገመዱ ሰው። አሁን ድምፁ ቀልድ የለበትም።

«አለሁ።»

መቁጠሪያዬን ከመጀመሪያው ጀመርኩት።